ምድጃ፣ ምጣድና መጋገሪያ፦ የማእድ ቤት ስያሜዎች ታሪክ በጎንደርና በሰሜን ደጋ

የስያሜ ጥናት ብዙውን ጊዜ ከቤተ ሙከራ፣ ከፋብሪካ ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ግን ማእድ ቤት ነው። ጎንደር ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራ ቤቷን ለማደስ ባሰበች ጊዜ ሁለት ምርጫ ቀረበላት። አንደኛው፣ ከላይ አምስት ያህል ድስት የሚጣድበት፣ ከሥሩም ዳቦና ሥጋ የሚጋገርበት፣ ሁሉን በአንድ አካል አጠቃሎ የያዘ ትልቅ ማብሰያ በአንድ ጥግ ማቆም ነው። ሁለተኛው፣ የሚጋገርበትን ክፍል ለይቶ በግድግዳ ወይም በቁም ሣጥን ውስጥ ማስገባት፣ ድስት የሚጣድበትንም ገጽ ለብቻው በጠረጴዛ ላይ መትከል ነው። የሁለቱም ዕቃዎች መግለጫ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ነበረ፣ ለግንበኛው የሚሰጠውን ማዘዣ በአማርኛ እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። እርሷ በዚያን ጊዜ ወደ ሁለተኛው አዘንብላ ነበርና እኔም «ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ምድጃ» ብዬ ጻፍሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራውን ለማየት ስሄድ፣ ግንበኛው በሸክላ ጡብ የተገነባ፣ ማገዶ የሚገባበት አፍ ያለው፣ ጢሱም በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ በጣራው በኩል የሚያልፍ እውነተኛ ምድጃ ሠርቶ ቆየኝ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ምድጃ ብለው ጻፉ፤ ምድጃ ሠራሁ። ጢሱ በየት ይወጣል ብዬ ነው ማውጫውን የጨመርሁለት» አለኝ። ሰውየው የዳባት ተወላጅ ነው፤ ቃሉን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የባከነው ጡብና የሦስት ሳምንት የእጅ ዋጋ የተከፈለው በአንድ ቃል ምክንያት ነው፤ ያንኑ ቃል ደግሞ መዝገበ ቃላት የምናዘጋጅና የምንተረጕም ሰዎች ዛሬም በዚያው አኳኋን እንጠቀምበታለን። ስለዚህ ምድጃ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳልሆነም፣ ከታሪኩ ተነሥቶ መመርመር ይገባል።

ምድጃ ከ«ነደደ» የግሥ ዘር ጋር ያለውን ዝምድና ከጎኑ የቆመው «ማንደጃ» ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአገልግሎት አንድ አይደሉም። ማንደጃ ከቦታ ወደ ቦታ የሚነሣ ዕቃ ሲሆን፣ ምድጃ በጥንታዊ ፍችው ዕቃ ሳይሆን ስፍራ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ አገር፣ ምድጃ በቤቱ ወለል ላይ ለእሳት የተለየው ቦታ ነው። እዚያ ወጥ ይሠራል፤ እዚያ እንጀራ ይጋገራል፤ እዚያ ቡና ይፈላል፤ ማታ ቤተ ሰቡ እዚያ ዙሪያ ተቀምጦ ይሞቃል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ አለውና ይህ የመጨረሻው አገልግሎት ትርፍ ነገር አይደለም። ጢሱም ቢሆን የራሱ ሥራ አለው፤ የሣር ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቃል። እንግዲህ ምድጃ ሲባል ማብሰያ ብቻ ሳይሆን የቤቱ እሳት ራሱ ነው፤ ሥራዎቹ ብዙ፣ እሳቱ ግን አንድ።

በምድጃው ላይ የሚቆሙት ሦስት ድንጋዮች ደግሞ ጉልቻ ይባላሉ። ቃሉ የተገኘው «ጎለተ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ተከለ፣ አጸና፣ አስቀመጠ ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ «ጉልት» ይወጣል። ጉልት ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመኳንንት የሚሰጡት የመሬት መብት ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ለደብረ ፀሐይ ቍስቋም የሰጡት ጉልት በጎንደር ታሪክ የታወቀ ነው። የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያና የድስት ማስቀመጫ ድንጋይ ከአንድ ግሥ መውጣታቸው ለሰዋስው ሰው አያስደንቅም፤ ሁለቱም ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ ተደርገው የተተከሉ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጋቡም «ሦስት ጉልቻ መሠረቱ» ይባላል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ለሹም ሽር ነው። ማእድ ቤቱን ለሚያድስ ሰው ግን ቃል በቃል ይሠራል፤ የአክስቴ ልጅም የመጀመሪያውን የዋጋ ማቅረቢያ ስታይ ይህንኑ ጠቅሳብኛለች።

ሦስተኛው ቃል ምጣድ ነው። ምጣድ «ጣደ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ በእሳት ላይ የሚቀመጠውን ያመለክታል እንጂ እሳቱንም ሆነ የእሳቱን ቦታ አያመለክትም። ስለዚህ በጥንታዊው ሥርዓት ሦስቱ ቃላት ሥራቸውን ተከፋፍለው ይኖራሉ፦ ምድጃ ስፍራው፣ ጉልቻ መቆሚያው፣ ምጣድ የሚጣደው ነው። በጎንደር የምጣድ ሥራ ሲነሣ ከከተማው በስተ ሰሜን በቅርብ ርቀት የምትገኘውን ወለቃን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹም በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኛው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ወደ እስራኤል ስለ ሄደ፣ ከእጅ ሥራው ጋር የሙያው ቃላት ባለቤቶችም ከአገር ወጡ። የቃል ሰብሳቢ ሊያዝንበት የሚገባ ነገር ይህ ነው። ምጣዱን የሚያሟሹበት፣ ማለት አዲሱን ሸክላ በጎመን ዘር እያሹ በእሳት የሚያበስሉበት ሥርዓት፣ ማሰሻው፣ አክንባሎው፣ እነዚህ ቃላት በየቤቱ አሉ። ሸክላው ከመቃጠሉ በፊት ባለ ሙያዋ ብቻ የምታውቃቸው ቃላት ግን ከሠሪዋ አፍ ካልተሰበሰቡ ከሌላ አይገኙም።

በከተማ ምጣድ ሌላ ታሪክ ጀምሯል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመጣ ወዲህ «ምጣድ ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው ሸክላውን ብቻ አይደለም፤ ከሸክላው ሥር የተቀበረውን የሽቦ ጥቅልል፣ እግሩን፣ ክዳኑንና ገመዱን ጭምር ነው። በሌላ አነጋገር ምጣድ ጉልቻንም ምድጃንም ውጦ ራሱን የቻለ ማብሰያ ሆኗል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል የሚስብ ዕቃ በአንድ የሸክላ ሰሌዳ ስም መጠራቱ ስሕተት አይደለም፤ ቃል ከክፍል ወደ ምሉእ መሄዱ የተለመደ ነው። ተርጓሚ ግን ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቃሉ የተስፋፋው በምሁራን ውሳኔ ሳይሆን በገበያ ነው፤ የተስፋፋውም ሥራው ያው ስለ ሆነ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ሁሉ፣ እሳቱ ከየትም ይምጣ፣ ምጣድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ «ሥራን በየዕቃውና በየክፍሉ መለየት የፈረንጅ አመል ነው፤ የእኛ ማጀት ግን ሁልጊዜ በአንድ ምድጃ የኖረ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ስለ ገበሬው ቤት እውነት ነው። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ቤት ሥርዓት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በቤተ መንግሥት ወግ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት እየተባለ ሥራው በየቤቱ ይከፈላል፤ ለየቤቱም አዛዥና ሠራተኛ ይመደባል፤ እሳቱም በየቤቱ ይነዳል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ከቆረቆሩ ጀምሮ ግብር የሚበላባቸው አዳራሾች በግቢው ውስጥ በየዘመኑ ሲታነጹ ኖረዋል፤ ያን ያህል ሰው የሚያበላ ቤት በሦስት ጉልቻ ሊሠራ እንደማይችል ግልጽ ነው። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ያጋጠማት ምርጫ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። ሁሉን በአንድ እሳት የሚያደርገው የገበሬው ምድጃና ሥራውን በየቤቱ የሚከፍለው የግቢው ሥርዓት በጎንደር ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው። አማርኛም ለሁለቱም ቃል አላጣም፤ ለአንደኛው ምድጃ፣ ለሁለተኛው በሥራ ስም ላይ «ቤት» እየጨመረ የሚሄደውን አሰያየም ይዟል።

ግዕዝ «እቶን» የሚለውን ቃል ሰጥቶናል። እቶን ከአራማይክ የገባ ሲሆን፣ ሥሩ እስከ ጥንታዊው አካድኛ የሚደርስ ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበት እቶነ እሳት ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን በቅዱስ ገብርኤል በዓል ታሪኩ ስለሚነበብ፣ ቃሉን የማያውቅ ምእመን የለም። አንዳንድ ስያሜ አውጪዎች ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን መጋገሪያ «እቶን» ለማለት መሞከራቸው የሚገባ ነገር ነው፤ ቃሉ አጭር ነው፣ የሴም ዘር ነው፣ ዝግ ሆኖ በውስጡ የሚነድ ነገርንም ያመለክታል። ነገር ግን የእናቴ ዓይነት ሴት ድፎ ዳቦዋን ወደ እቶን ክተቺ ብትባል በመጀመሪያ የምታስበው ናቡከደነፆርን ነው። ቃሉ ለብረት ማቅለጫና ለጡብ ማቃጠያ ይሁን፤ ለዚያ እጅግ ይስማማዋል።

አሁን ወደ ውሰት ቃላት እንምጣ። የኢጣልያ ጦር ጎንደርን የያዘው በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ነጻ የወጣው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣልያ ጦር የመጨረሻው ታላቅ ምሽግ እርሱ ነበር። በእነዚያ አምስት ዓመታት ከተማው የአማራ ግዛት አስተዳደር መቀመጫ ሆኖ፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው የሕንጻ ባለ ሙያ ባወጣው ፕላን መሠረት ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱና ሌሎች ሕንጻዎች ተሠሩ። መኖሪያ ቤቶችም ተሠሩ፤ የአክስቴ ልጅ ቤት ከነዚህ አንዱ ነው። የማእድ ቤቱ አሮጌ ልስን ሲፈርስ በጥጉ ላይ ጥላሸት የለበሰ ክብ የጢስ ቀዳዳ ተገኘ። በዚያ ቦታ የቆመው ኢጣልያኖች «ኩቺና ኤኮኖሚካ» የሚሉት፣ ማገዶ የሚበላ የብረት ማብሰያ እንደ ነበረ መገመት ይቻላል። ይህ ዕቃ ከላይ ድስት የሚጣድበት ሰሌዳ፣ ከጎኑ ዳቦ የሚጋገርበት ሣጥን ያለው ሆኖ፣ ክፍሉንም ያሞቃል። የኢጣልያን ቋንቋ ማእድ ቤቱንም ማብሰያውንም በአንድ ቃል «ኩቺና» ማለቱን ልብ ይሏል። ስፍራውና ዕቃው በአንድ ስም ሲጠሩ የእኛን ምድጃ ያስታውሳሉ።

ያ ዘመን ካስቀረልን ቃላት ለዚህ ጽሑፍ ዋናው «ፉርኖ» ነው። በኢጣልያንኛ ፎርኖ ማለት ዳቦ የሚጋገርበት ዝግ ማብሰያ ነው፤ ከላቲኑ ፉርኑስ የወረደ ሲሆን የፈረንሳይኛው ፉርና የስፓኝኛው ኦርኖ ወንድሞቹ ናቸው። ዐረብኛም ከዚያው የወጣ «ፉርን» አለው። ወደ እኛ የመጣው ግን በኢጣልያን በኩል መሆኑን መድረሻው ላይ ያለው «ኖ» ያሳያል። እንግዲህ አማርኛ የፈለገው ቃል እጁ ላይ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉ ከመጣ በኋላ መንገዱን ለወጠ። «የፉርኖ ዳቦ» ሲባል ቆይቶ «ፉርኖ» ዳቦው ራሱ ሆነ፤ ልጅ ሱቅ ሄዶ ፉርኖ ግዛ ሲባል ዳቦ ይዞ ይመለሳል። ቀጥሎም «ፉርኖ ዱቄት» ተባለ፤ በወፍጮ ነጥቶ የወጣው የስንዴ ዱቄት ማለት ነው። ከመጋገሪያው ወደ ተጋገረው፣ ከተጋገረው ወደሚጋገረው፤ ቃሉ እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ተጉዞ ጥሬ ዕቃው ላይ ደረሰ። የፍች ለውጥ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል። ስያሜ ለሚያወጣ ሰው ግን በሩ ተዘግቷል። ዛሬ «ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ፉርኖ» ብለን ብንጽፍ የሚታየው ግድግዳ ውስጥ የተወተፈ ዳቦ ነው። አስመራ ላይ ግን ከዚያው ዘር የወጣው «ፎርኔሎ» ለከሰል ምድጃ ጸንቶ መቅረቱ፣ የአንድ ቋንቋ ውሰት በሁለት አገር ሁለት ዕድል ሊገጥመው እንደሚችል ያሳያል።

ከነዳጁ ጋር የመጡት ቃላት ሌላ ጠባይ አላቸው። «ቡታጋዝ» በፈረንሳይ አገር የአንድ ንግድ ድርጅት የጋዝ ስም ነበር፤ ግብጾችም ማብሰያውን ራሱን በዚሁ ስም ይጠሩታል። በአማርኛ በሲሊንደር ከሚመጣው ጋዝ አልፎ ላምባ የሚነድበትም ማብሰያ ቡታጋዝ ሲባል እንሰማለን። «ስቶቭ» የኤሌክትሪኩ ነው፤ «ኦቭን» ደግሞ በሱቅ መስኮት ላይ ይነበባል። እነዚህ ስሞች ዕቃውን የሚለዩት በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በሚበላው ነዳጅ ወይም በመጣበት አገር ነው። ነዳጁ ሲለወጥ ስሙ ይናጋል። በ1980ዎቹ የማገዶ ቁጠባ ባለ ሙያዎች ያወጧቸው ስሞችም ሌላ ዘዴ ተከትለዋል፤ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃ ናት። ስሞቹ ያምራሉ፤ ሕዝቡም ተቀብሏቸዋል። ነገር ግን ውዳሴ ለገበያ እንጂ ለመዝገበ ቃላት አይበቃም። ነገ ከምርጡ የሚመረጥ ቢመጣ ምን ሊባል ነው?

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ፈረንጆቹ ራሳቸው ወደ ሁለቱ ዕቃዎች እንዴት እንደ ደረሱ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል፤ ስያሜያችን ከነገሩ ባሕርይ ጋር መስማማት አለበትና። እንግሊዞች የመጀመሪያውን «ሬንጅ» ይሉታል፤ ቃሉ በመሠረቱ ረድፍ ማለት ነው። ካውንት ራምፎርድ የተባለው የሳይንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ሙኒክ ላይ ክፍቱን እሳት በግንብ ዘግቶ ሙቀቱን ወደየድስቱ የሚመራ ምድጃ ሠራ። በሚቀጥለው መቶ ዘመን ብረት አንጥረኞች አሳቡን ወደ ብረት ሣጥን ለወጡት፤ አንዱ እሳት ከላይ ድስቱን፣ ከጎን መጋገሪያውን፣ አልፎም ውሃውንና ክፍሉን እንዲያሞቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1922 የስዊድኑ የኖቤል ተሸላሚ ጉስታፍ ዳሌን የሠራው ማብሰያ የዚህ ዓይነቱ ስመ ጥር ምሳሌ ነው። ከዚያ በኋላ ጋዝና ኤሌክትሪክ በቧንቧና በሽቦ ወደየቤቱ ገቡ። መጋገሪያው ከድስቱ ጋር አንድ እሳት መጋራት አላስፈለገውምና ከምድጃው ተለይቶ ወደ ግድግዳ መግባት ቻለ። ልዩነቱ የጌጥ አይደለም። ግድግዳ ውስጥ የገባው ዕቃ ሊለይ የቻለው ከጋራ እሳት በመላቀቁ ነው። ግንበኛዬ «ጢሱ በየት ይወጣል» ሲል የጠየቀው ጥያቄ የጉዳዩ እምብርት ነበር።

አንድ ነገር ግን ሥራችንን ያከብደዋል፤ እርሱም «ጋገረ» የሚለው ግሥ ነው። በአማርኛ እንጀራም ይጋገራል፣ ዳቦም ይጋገራል። በገልጣጣ ሸክላ ላይ መጋገርና በዙሪያ ሙቀት መካከል መጋገር በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች በየግሡ ሲለያዩ በእኛ አንድ ናቸው። ይህ ድህነት አይደለም፤ «ቆላ»ን ከ«ጠበሰ»፣ «ጠበሰ»ን ከ«ጋገረ» የሚለይ ቋንቋ በግሥ አይታማም። ምክንያቱ፣ በእኛ ቤት የዙሪያ ሙቀትም ቢሆን ከምጣዱ ሳይለይ መገኘቱ ነው። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ከታች በምጣዱ፣ ከላይም በክዳኑ ላይ በሚደረግ እሳት ይበስላል። ማለት መጋገሪያ የሚባለው ነገር ለጊዜው ተሠርቶ ዳቦው ሲወጣ ይፈርሳል። የተለየ ዕቃ ስላልነበረ የተለየ ስም አልተፈለገም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የእኔ አሳብ እንደሚከተለው ነው። «ምድጃ» የሚለው ስም ሥራዎቹን ሁሉ በአንድ አካል ለሚሰበስበው ይጠበቅ። የሚጣድበትንና የሚጋገርበትን አንድ ላይ የያዘው ትልቁ ማብሰያ «ሙሉ ምድጃ» ቢባል ከገበሬው ቤት ፍች አይርቅም፤ ሰሚውም ምን እንደሚያይ ያውቃል። ለብቻው የሚሠራው የሙቀት ሣጥን «መጋገሪያ»፣ ግድግዳ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ሲገባም «ግድግዳ ገብ መጋገሪያ» ይባል። በጠረጴዛ ላይ የሚተከለው፣ ድስት የሚቀመጥበት ገጽ ደግሞ ከ«ጣደ» በመደበኛው የመሣሪያ ስም አወጣጥ «መጣጃ» ይሆናል። ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ በዚሁ መንገድ ወጥተው ከፍሪጅና ከላውንደሪ ጎን መቆም ችለዋል፤ ማቀዝቀዣ የሚለውን ዛሬ የተፈጠረ ቃል ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መጋገሪያ ዳቦ ቤቱን፣ ማለት ሕንጻውን ያመለክታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን «ዳቦ መጋገሪያ» ሲባል ሕንጻው፣ «መጋገሪያ» ብቻውን በማእድ ቤት ውስጥ ሲነሣ ዕቃው መሆኑን ዐውዱ ይለየዋል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «ምድጃ» ጠብቦ የከሰል ማንደጃን ብቻ ወደ ማመልከት እየሄደ ነው። የከተማ ልጅ «ሙሉ ምድጃ» ሲባል ከሰል ሊያስብ ይችላል። ለዚህ የተሟላ መልስ የለኝም። የቃሉን ሰፊ ፍች ከሰሜን ደጋ አምጥቶ ለከተማው መመለስ የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚሆን መሆኑን ግን የሚወስነው ተናጋሪው ነው። ከደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት እስከ 1993 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት ድረስ ያሉትን የሚያገላብጥ ባልደረባ፣ የእነዚህን የእሳት ቃላት ፍች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያነጻጽርልን ትልቅ ውለታ ይሆናል።

የአክስቴን ልጅ ምርጫ የወሰነው ግን ስያሜ አልነበረም። ግድግዳ ገብ መጋገሪያ በውጭ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ውስጡ ከዚያ ያንሳል። የእንጀራ ምጣድ ወርድ ደግሞ ወደ 60 ይጠጋል። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጥ ምጣዷ ለብቻው ቦታ ይሻል፤ የግቢው ሥርዓት በግድ ይቀጥላል። ሁለተኛው ጉዳይ መብራት ነው። መጋገሪያውና መጣጃው ሁለቱም የኤሌክትሪክ ከሆኑ መብራት በጠፋ ቀን ቤቱ ጦም ያድራል። ሦስተኛው ከፍታው ነው። ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ ወደ 90 ይወርዳል፤ ሽምብራና ሥጋ በድስት ውስጥ ብዙ ይቆያሉ፣ የሙቀት ሣጥን ግን የፈለጉትን ያህል ይግላል። ስለዚህ ከላይ በጋዝ፣ ከታች በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነውን መረጠች። ሁለተኛውን ማዘዣ ስጽፍ «አንድ ሙሉ ምድጃ፤ ከላይ ባለ አምስት መጣጃ፣ ከታች ባለ አንድ መጋገሪያ፤ ማገዶ የማይገባበት» አልሁ። የመጨረሻዋን ሐረግ ለመዝገበ ቃላት ሳይሆን ለግንበኛው ስል ጨመርኋት።

እርሱም ወረቀቱን አንብቦ፣ «ጋሼ፣ ይኸኛውስ ጢስ አለው?» አለኝ። ጢስ የለውም፣ እንፋሎትና የሽንኩርት ሽታ ግን አለው ብዬ መለስሁለት። አሮጌውን የኢጣልያን የጢስ ቀዳዳ አጽድቶ በላዩ ሳቢ አየር ማውጫ ገጠመበት። በስሕተት የተሠራውም የጡብ ምድጃ አልፈረሰም። የአክስቴ ልጅ የሸክላ ምጣዷን በላዩ ጥዳበታለች፤ ለፋሲካ እንጀራ የሚጋገረው በእርሱ ነው።